ስንተኛ ወጣች?

የምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ትንሽ ናት። ከዳር እስከ ዳር በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿም አምስት ብቻ ናቸው። ልጃችን አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ሥራ ቦታ ጠየቅሁ። ባልደረባዬ መልሱን ትቶ «ቤታችሁ የት ጋ ነው?» አለኝ። ቤቴን ምን አደረገው አልኩ በሆዴ።

ለካ ሰውዬው ልክ ነበር። እዚህ በአብዛኛው ትምህርት ቤቱን የሚመርጥልህ አድራሻህ ነው። ከተማዋ በካርታ ተሸንሽናለች፤ ድንበሩ የእኛን ሰፈር መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ያልፋል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልጆች አንዱ ጋ ይሄዳሉ፣ የኛዋ ሌላው ጋ። የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ስትከፍት ከመኝታ ቤቱ ብዛት ዝቅ ብሎ የትምህርት ቤቱን ነጥብ ከ10 ታገኛለህ። የማዶዎቹ 9 ነው። የኛ 4።

እኛ ሐበሾች ደግሞ 4 ከ10 ሲባል የሚታየን ቀይ እስክሪብቶ ነው። ባለቤቴ ያን ሌሊት ቤት ስትቀይር አደረች።

እኔ ነገሩን መቆፈር ጀመርኩ። የፌዴራሉ ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ ያዛል። ነጥቡ በዋናነት ከዚያ የሚወጣ ነው። የኛዋ የምትገባበት ክፍል ጭራሽ አልተፈተነም ማለት ነው። ደግሞም የወላጅ ገቢ ከፍ ባለበት ሰፈር የልጆቹም ውጤት ከፍ ይላል። ማታ ማታ መጽሐፍ የሚነበብለት ልጅና እናቱ ሁለት ሥራ የምትሮጥበት ልጅ እኩል አይጀምሩም። ልጆቹ በዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደተሻሻሉ የሚያሳይ ሌላ መለኪያ አለ። በእሱ ሳየው ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያን ያህል አይራራቁም። ማስታወቂያው ላይ ግን ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

በገንዘብም ቢሆን የጠበቅሁት አልሆነም። የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከቤት ግብር ብዙ ገንዘብ ስለሚያገኝ ሀብታም ከተማና ድሃ ከተማ ይበላለጣሉ። በእኛ ከተማ ውስጥ ግን ካዝናው አንድ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ ድሃ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የፌዴራል መንግሥቱ ተጨማሪ ይሰጣል። ባለ 4ቱ በዚያ ገንዘብ የንባብ አስተማሪ ቀጥሯል። ባለ 9ኙ ደግሞ ወላጆች አዋጥተው ያሠሩት የሚያምር መጫወቻ ሜዳ አለው።

ባለ 4ቱን ሄጄ አየሁት። በሩ ቁልፍ ነው፤ ደወል ደውዬ፣ መታወቂያ አሳይቼ፣ ስሜን ደረቴ ላይ ለጥፈውልኝ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት አስተማሪ ምንጣፍ ላይ ሦስት ልጆች ከብበዋት ተቀምጣለች። አንዱ ትንሽ ልጅ ጣቱን ቃሉ ሥር አድርጎ ይታገላል። አስተማሪዋ አልነገረችውም። ዝም ብላ ጠበቀችው። እኔ ራሴ ልነግረው አፌን ላሞጠሙጥ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ አነበባት፤ ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው።

እኔ የተማርኩት በፈረቃ ነው። ከሰዓት ስንገባ የጠዋቶቹ ጠመኔ ገና አየር ላይ ነበር። ሰባ ምናምን ተማሪ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን። አስተማሪያችን ጎበዝ ነበሩ፣ ግን አንድ ልጅ አንድ ቃል እስኪያነብ ቢጠብቁ ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። እሳቸውን አልወቅስም። ያን ሁሉ ሕፃን ጸጥ ማሰኘት ራሱ ተአምር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። እኛ ደረጃ የምናወጣው ለልጁ ነው። ሮስተር ይሠራል፣ ካርድ ይሰጣል፣ ሰፈሩ ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል። የትምህርት ቤቱን ደረጃ የሚጠይቅ የለም። ትምህርት ሚኒስቴርማ በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ያወጣላቸዋል። እስቲ ያን ቁጥር የሚያውቅ ወላጅ አምጡልኝ። «የግል ነው የመንግሥት?» ካልን በቃን። እዚህ በተቃራኒው ትምህርት ቤቱ ስንተኛ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ልጁን ስንተኛ ነህ የሚለው የለም።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ልጄን ባለ 4ቱ ውስጥ አስገባናት። በወላጅ ስብሰባ ቀን አስተማሪዋ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ንባብ 3፣ ሒሳብ 3፣ ከጓደኛ ጋር መስማማት 3። ደስታዬን አትጠይቁኝ። «በሁሉም ሦስተኛ? ከስንት ልጅ?» አልኳት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። በትዕግሥት አስረዳችኝ፦ 3 ማለት ክፍሏ የሚጠይቀውን ታሟላለች ማለት ነው። «ታዲያ ከሌሎቹ ጋር ስትወዳደርስ?» «እኛ አናወዳድራቸውም» አለችኝ። ያም ሆኖ ዓይኔ ጠረጴዛዋ ላይ ወደተቆለለው የሌሎቹ ልጆች ወረቀት ሾለከ። እሷም አይታኛለች መሰለኝ ሰበሰበችው።

ቅዳሜ እማዬ ከአገር ቤት ደወለች። ሰላምታው ሳያልቅ «የኔ ልጅ ካርድ ተቀበለች አሉ። ስንተኛ ወጣች?» አለችኝ።

ስለ መለኪያው ላስረዳት ጀመርኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «ምን? አልሰማህም፣ ስንተኛ?»

«ሦስተኛ» አልኳት።

እልልታው ከስልኩ አልፎ ኩሽና ያለችው ባለቤቴ ድረስ ተሰማ።