የጅማው አውሮፕላን መሬት ላይ ይጠብቅ ወይስ አየር ላይ?

ቦሌ በሚጨናነቅበት ሰዓት ከጅማ የሚመጣ ኪው-400 (ባለ ፕሮፔለር የመንገደኞች አውሮፕላን) የማረፊያ ተራውን ሳይነሳ ይያዝ ወይስ አዲስ አበባ ሲቃረብ? ሁለት የሙያው ሰዎች ይከራከራሉ።

አንደኛው፦ ሳይነሳ ይያዝ። ከጅማ ቦሌ ወደ 140 ኖቲካል ማይል ነው። ከፍታ መያዣውንና መውረጃውን ቀንሱ፤ ፍጥነት ለማስተካከል 60 ማይል ቢተርፍ ነው። ከ340 ኖት (በሰዓት 340 ኖቲካል ማይል) ወደ 290 ብናወርደው 10 ደቂቃ ተኩል የነበረው 12 ተኩል ገደማ ይሆናል። ትርፉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከዱባይ የሚመጣ ጄት ግን ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቢነገረው ፍጥነቱን ትንሽ ቀንሶ አምስት ስድስት ደቂቃ ያዘገያል። የጅማው በድንገት ወረፋው ውስጥ ገብቶ የተሠራውን ተራ ያፈርሳል፤ አለዚያ አየር ላይ እንዲዞር ይታዘዛል። አንዱ ዙር አራት ደቂቃ ይፈጃል፦ ሁለት መታጠፊያ፣ ሁለት ቀጥታ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ለጎደለን አራት እንከፍላለን፣ ያውም ነዳጅ እያቃጠልን።

ሁለተኛው፦ ስሌትዎ ልክ ነው፤ የዘለሉት መነሻውን ነው። ሻንጣ አስጭኖ የቀረ አንድ ተሳፋሪ ካለ ሻንጣው ተፈልጎ እስኪወርድ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም። በአውሮፓ የሚሰጠው የመነሻ ሰዓት እንኳ 5 ደቂቃ መቅደምን፣ 10 ደቂቃ መዘግየትን ይፈቅዳል። በየሁለት ደቂቃው በሚታረፍበት ማኮብኮቢያ ይህ 15 ደቂቃ ሰባት ማረፊያ ነው። ከሰባቱ የትኛውን ያዙለት? ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ቢጠፋ ከኋላ ያለው ይጠጋል፤ አየር ላይ ግን በመጨረሻው ሰዓት የተከፈተ ክፍተት ባክኖ ይቀራል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ሁለት ቢሆኑም ተቀራርበው ስለተሠሩ ሁለት አውሮፕላኖች በየፊናቸው አያርፉባቸውም። ስለዚህ አየር ላይ ትንሽ ወረፋ ሁልጊዜ ይኑር።

አንደኛው፦ ትንሹን አልጠላሁም። መዘግየቱ 12 ደቂቃ ከሆነ ዘጠኙ ጅማ፣ ሦስቱ አየር ላይ ይሁን። ሦስት ሰዓት ላይ አፍሪካ አዳራሽ ስብሰባ ያለበት ሰውም መዘግየቱን ቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው፦ ሦስቱንም ለምን? ኪው-400 ከከባድ ጄት ኋላ ሲሆን ጄቱ ከሚተወው የአየር ሽክርክሪት የተነሳ 5 ማይል መራቅ አለበት። ከፊት ከሆነ 3 ማይል ሊበቃ ይችላል። ያስቀድሙት።

አንደኛው፦ ወረቀት ላይ አዎ። አየሩ በሚሳሳበት በቦሌ ከፍታ የፍጥነት መሣሪያው 120 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 137 ገደማ ነው፤ ከኋላ ያለው ጄት እውነተኛ ፍጥነት ደግሞ 160። በመጨረሻው 10 ማይል ጄቱ 1.7 ማይል ይደርስበታል፤ ስለዚህ 3 ማይል ለማትረፍ ወደ 5 የሚጠጋ ይዘው መጀመር አለብዎ። የቆጠቡት ሁለት ማይል የት ገባ?

ሁለተኛው፦ ለኪው-400 አብራሪ ለማረፍ 5 ማይል እስኪቀረው ድረስ በመሣሪያው 160 ኖት እንዲይዝ ይንገሩት። የኪው-400 ፕሮፔለሮች ኃይል ሲቀነስ ራሳቸው እንደ ፍሬን ስለሚይዙ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ጄቱም የሚደርስበት ርቀት ያጥራል። ይህ ግን አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲቃረብ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ጅማ ላይ በወረቀት አይጻፍም።