በነፃ እንኳ የሚወስደው ጠፋ!

እስቲ ፍረዱኝ። የአክስቴን አሮጌ ኤሌክትሮሉክስ ቫኪዩም (አቧራ የሚስበውን የቤት ማጽጃ ማሽን) የሚወስድልኝ ሰው ካጣሁ ሦስት ወር ሞላኝ። በነፃ እኮ ነው! መኝታ ቤቴ ጥግ ላይ እንደ ቦምብ ተጋድሞ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አውራ ጣቴን ይመታኛል።

ጎማ የለውም። ከሥሩ ባሉት ሁለት ብረቶች ነው ወለሉ ላይ የሚንሸራተተው፤ ኤሌክትሮሉክስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1921 ያመጣው ቅርጽ ነው። ገመዱ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ ሶኬቱ ጋ ተልጦ እኔው በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ሞተሩን ግን ሰኩት ብቻ፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ ሊሾ ላይ ምን ሊሠራልኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የጅማን ጭቃ የሚያስለቅቀው ውሃና መወልወያ ነው። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ተሸክሜው ብሄድ ሰው ከቦኝ «የቡና መፍጫ ነው?» ይለኛል። ቆራሌው ደግሞ ይባስ ብሎ በኪሎ ልመዝነው አለ። በኪሎ! የሚሠራ ዕቃ! ዓይኑ ውስጥ የገባው የሞተሩ መዳብ ብቻ ነው። ተናድጄ ይዤው ተመለስኩ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ «ለጌጥ እፈልገዋለሁ፣ ላክልኝ» ብሎ ነበር፣ የአውቶቡስ ጭነቱን ክፈል ስለው ድምፁ ጠፋ። የሚፈልግ ካለ ይምጣ፣ ቡና አፍልቼ እሸኘዋለሁ።