የልጆችን አዳር በዕድሜ ብቻ መወሰን ስህተት ነው

ወላጆች ሲለያዩ የቀን ጉብኝት ላይ መስማማት ብዙም አይከብድም። ጠቡ የሚብሰው አዳር ሲነሳ ነው። አንዱ ወገን «ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሌላ ቤት አታድርም» ይላል፤ ሌላው «ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እኩል እንካፈል» ይላል። ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ ይዘሉታል፦ ልጅቷ ሌሊት ነቅታ ስታለቅስ፣ ያ ወላጅ አባብሎ መልሶ ሊያስተኛት ይችላል?

የልጅ አስተዳደግ ተመራማሪዎችም በዚህ ለዓመታት ተከራክረዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ባለሙያው ሪቻርድ ዋርሻክ አዘጋጅቶት 110 ተመራማሪዎችና ባለሙያዎች የደገፉት ጽሑፍ፣ ለሕፃናት አዳርን በደፈናው ለመከልከል የሚያበቃ ማስረጃ የለም ይላል። በዚያው ዓመት ማርሻ ፕሩዌት፣ ጄኒፈር ማኪንቶሽና ጆአን ኬሊ ጥንቃቄውን አጠበቅ አድርገው ጻፉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሕፃኑ ቁርኝት መጽናትና የሁለቱ ወላጆች ተሳትፎ አብረው መታየት እንዳለባቸው ነው ያሳሰቡት። ይህ ሐሳብ በ1989 እ.ኤ.አ. ከወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ጋርም ይገጥማል፤ ከሁለቱም ወላጆች ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት የተሰጠው ለልጁ ነው።

ዕድሜ ምንም አይደለም ማለት ግን አይደለም። ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የመለየት ፍርሃት ይበረታል። በዚህ ዕድሜ በወር አንዴ ሁለት ሌሊት ከማሳደር ይልቅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለጥቂት ሰዓታት መገናኘት ይሻላል፤ ሕፃኑ ሰውየውን የሚለምደው በድግግሞሽ ነውና።

አዳሩ ከመጀመሩ በፊት ምሽቱ ይለመድ። ወላጁ ልጁን ራት ያብላ፣ ይጠብ፣ ፒጃማ ያልብስ፣ ተረት ያንብብ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ቤት ይመልስ። ቀጥሎ የቀን እንቅልፉን እዚያው ቤት ይተኛ። ይህ ያለ ብዙ ለቅሶ ከሆነ በሳምንት አንድ ሌሊት ይሞከር፤ ሁለት ተከታታይ ሌሊት የሚመጣው አንዱ ከተረጋጋ በኋላ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ሌሊቶች አዲስ የፍቅር ጓደኛ ማስተዋወቅ ልጁ ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ፒጃማ፣ የጥርስ ብሩሽና አንሶላ በሁለቱም ቤት ይኑር። ሲያንቀላፋ የሚያቅፈው አሻንጉሊት ግን አብሮት ይመላለስ፤ የለመደው ሽታ እንዳይጠፋም ልጁ ሊያድር ሲል አሻንጉሊቱ አይታጠብ። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ላለ ልጅ ነው። ከዚያ በታች ያለ ሕፃን በሁለቱም ቤት በጀርባው፣ በራሱ አልጋ፣ ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ላይ ይተኛ፤ ትራስም አሻንጉሊትም አይኑር። ጡት የሚጠባ ከሆነ የታለበ ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ከፍሪጅ ውጭ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። መድኃኒት ካለ ስሙ፣ መጠኑና የተሰጠበት ሰዓት በማስታወሻ ደብተር ተጽፎ ከልጁ ጋር ይሂድ። አንዱ ቤት የተሰጠ የትኩሳት ሽሮፕ ሌላው ቤት በላዩ የሚደገመው ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ነው።

ለትንንሾቹ ሁለት ቀን እዚህ፣ ሁለት ቀን እዚያ፣ ከዚያ ሦስት ቀን እዚህ እያሉ በየሳምንቱ ማቀያየር ጥሩ ጎን አለው፤ ማንም ወላጅ ከሦስት ቀን በላይ አይርቅም። ችግሩ ርክክቡ መብዛቱ ነው። በር ላይ የሚጨቃጨቁ ወላጆች ካሉ አንዱ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት ያድርስ፣ ሌላው ከሰዓት ከዚያው ይውሰድ። ስልክም ቢሆን ከመታጠቢያ ሰዓት በፊት ይደወል፤ ሊተኛ ሲል የሚሰማው የእናት ወይም የአባት ድምፅ ናፍቆት ይቀሰቅሳል።

ከአዳር የተመለሰ ልጅ ለአንድ ቀን ያህል ቢነጫነጭ፣ ቢጣበቅ፣ አልጋውን ቢያረጥብ እዚያ ተበድሏል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ለቅሶውን እንደ ማስረጃ ይዞ አዳሩን ያቋርጣል፣ ልጁንም «ምን አደረጉህ?» እያለ ይመረምራል። ለሳምንታት የማይረግብ የእንቅልፍ መረበሽ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ አንድን ሰው ለይቶ መፍራት ወይም ሰውነት ላይ ምልክት ከታየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ወይም የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ይመልከተው። ድብደባ ወይም የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ባለበት ቤት ደግሞ መጀመሪያ ሌላ ሰው ባለበት የቀን ጉብኝት ይሁን፤ አዳር የሚታሰበው ደኅንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የመውሰጃና የመመለሻ ሰዓት፣ ልጁ ቢታመም የት እንደሚያድር፣ መሰረዝ የፈለገ ወላጅ ስንት ሰዓት አስቀድሞ እንደሚያሳውቅ ይገለጽበት። የሚከለስበት ቀንም ከአሁኑ ይጻፍ፣ ለትንሽ ልጅ ከሦስት ወር ባይበልጥ ጥሩ ነው።