ውዳሴ ለአምስቱ ነጥቦች

አምስት ቁጥር በእኛ አገር ሞገስ አላት። አዕማደ ምሥጢር አምስት፣ የእስልምና መሠረቶች አምስት፣ የእጃችን ጣትም አምስት። የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ደግሞ የራሱ አምስት አለው፦ −2፣ −1፣ 0፣ 1፣ 2። የፈለገው ዓይነት ፈንክሽን ይምጣ፣ እነዚህን አምስት ቁጥሮች በየተራ ያጎርሱታል፣ የተፋውን በሠንጠረዥ ይጽፋሉ፣ አምስት ቦታ ነጠብ ነጠብ ያደርጋሉ፣ ማስመሪያ ያወጣሉ፤ ግራፍ ተወለደ። ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. አልጀብራን ከጂኦሜትሪ ጋር ሲያጋባ ሠርጉ በዚህ ያህል ወጪ ሊያልቅ እንደሚችል አላሰበም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማን ኮርስ ተመልሶ ሲመጣ «ማትስ ፎር ናቹራል ሳይንስ» የሚባለውም አብሮ መጣ። ሎጂክና ሴት (ስብስብ ማለት ነው) አለ፣ የቁጥር ሥርዓት አለ፣ ከዚያ ፈንክሽን፣ ከዚያ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። ሞጁሉ ፈንክሽን ላይ ሲደርስ አስቀድሞ ስለ ዶሜይን ያወራል፦ ኤክስ የትኛውን ቁጥር መሆን ይችላል፣ የትኛውን አይችልም። ብልህ ተማሪ ይህን እንደ ስልክ ሰላምታ ይቆጥረዋል። «ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል እንጂ የሰላምታ መልስ ማን ያዳምጣል?

የጥበቡን ከፍታ ማየት የፈለገ 1/ኤክስን ይስጣቸው። −2 ሲገባ −1/2፣ −1 ሲገባ −1፣ 1 ሲገባ 1፣ 2 ሲገባ 1/2። ዜሮ ላይ ካልኩሌተሩ «ኤረር» ይላል። ሌላ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ምን ሆኖ ነው ይል ይሆናል፤ የአምስቱ ነጥብ ሊቅ ግን በማሽን ጩኸት አይደነግጥም። ሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ ሳጥን መተው ነውር ስለሆነ ደፋሩ 0 ይሞላበታል፣ ጠንቃቃው ሰረዝ አድርጎ ያልፈዋል። መድረሻቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም −1 ላይ ያለውን ነጥብ 1 ላይ ካለው ጋር በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ያገናኙታል፣ መስመሩም ኦሪጅንን፣ ሁለቱ አክሲሶች የሚቋረጡበትን ነጥብ፣ እምብርቱ ላይ ወግቶት ያልፋል። በቀኝ በኩል ወደ ዜሮ ሲጠጉ 1/10 ላይ 10፣ 1/100 ላይ 100፣ 1/1000 ላይ 1000 እያለ ሽቅብ የሚሸሸው፣ በግራ በኩል ደግሞ −10፣ −100፣ −1000 እያለ ቁልቁል የሚወርደው ፈንክሽን፣ ዋይ አክሲስን ነክቶት የማያውቀው ያ ኩሩ፣ እርቅ ወርዶለት መሃል ላይ ተገናኘ። ሽማግሌ የማይፈታውን ጠብ የአሥራ አምስት ሳንቲም ሜትር ማስመሪያ ፈታው። ሞጁሉ በነጠብጣብ መስመር ያሰመረው አሲምቶት፣ ፈንክሽኑ እየተጠጋው የማይነካው መስመር፣ የጌጥ ነገር ነው፤ ጥልፍ ነው።

ይህም ቢሆን የልምምድ ያህል ነው። ሙሉው ተአምር የሚታየው በዚህ ነው፦ ኤክስ⁵ − 5ኤክስ³ + 4ኤክስ። −2ን አስገቡ፣ −32 ሲደመር 40 ሲቀነስ 8፣ ዜሮ። −1ን አስገቡ፣ −1 ሲደመር 5 ሲቀነስ 4፣ ዜሮ። ዜሮ ሲገባ ዜሮ። 1 ሲገባ ዜሮ፣ 2 ሲገባ ዜሮ። አምስቱም ምስክር አንድ ቃል ሰጡ! ከዚህ በኋላ የሚጠራጠር ሰው በፍርድ ቤትም አያምንም። ተማሪው ማስመሪያውን ኤክስ አክሲስ ላይ አጋድሞ አክሲሱን ራሱን ደገም አድርጎ ያደምቀዋል፣ ከጎኑም «የዜሮ ፈንክሽን» ብሎ ይጽፋል። በነጥቦቹ መካከል ምን እንዳለ መጠየቅ የሰው ጓዳ ማየት ነው። ግማሽ ላይ ቢጠየቅ 1.40625፣ 1.5 ላይ −3.28125፣ 3 ላይ ደግሞ 120 ብሎ የሚጮህ ፈንክሽን መሆኑ የቤተሰብ ምሥጢር ሆኖ ይቀራል።

ደግሞ የሚያሳዝኑ ተማሪዎች አሉ። ቁጥር ከማስገባታቸው በፊት ፈንክሽኑን ትክ ብለው ያዩታል። ኤክስን ያወጣሉ፣ የቀረውን ይበትኑታል፣ ኤክስ(ኤክስ² − 1)(ኤክስ² − 4) ላይ ይደርሳሉ፤ ዜሮዎቹ −2፣ −1፣ 0፣ 1፣ 2 መሆናቸው ቁጭ ይላል። አምስቱ ዜሮዎች መስመሩን ለስድስት መንደር ይከፍሉታል። ከየመንደሩ አንድ ሰው ጠርተው ምልክቱን ብቻ ይጠይቃሉ፤ ከግራ ጀምሮ ማይነስ፣ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ፣ ማይነስ፣ ፕላስ። ዲግሪው (ትልቁ ፓወር) ጎዶሎ፣ መሪው ቁጥር (ኤክስ⁵ን የሚያባዛው) ፖዘቲቭ ስለሆነ ግራ ጫፉ ወደ ታች፣ ቀኝ ጫፉ ወደ ላይ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ሁለት ኮረብታና ሁለት ሸለቆ ይሥላሉ፣ ያውም ያለ ማስመሪያ፣ በእጅ! እንዲህ ያለ ሰው ላይ ጊዜ ይፈርድበታል፤ አምስት ደቂቃው ሄደ።

ኳድራቲክ (ትልቁ ፓወሩ 2 የሆነው ፈንክሽን) ላይ የአምስቱ ነጥብ ሊቃውንት ከፈጠራ ጋር ይገናኛሉ። ኤክስ² − 10ኤክስ + 21 ይሰጣቸዋል። ሠንጠረዡ 45፣ 32፣ 21፣ 12፣ 5 ይላል። ነጥቦቹ እንደ እንጦጦ ዳገት ወደ ታች ይንሸራተታሉ እንጂ አይታጠፉም። ነገር ግን ኳድራቲክ እንደ «ሀ» መታጠፍ እንዳለበት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሲነገራቸው ኖሯል። ስለዚህ 2 ላይ ሲደርሱ እርሳሱን መንጭቀው ወደ ላይ ያጥፉታል። የታጠፈበት ምክንያት የለም፣ ግን ታጥፏል፤ «ሀ»ም ሆኗል፣ አንድ እግሩ ቢረዝምም። ማይነስ ቢን ለሁለት ኤ አካፍሎ ቨርቴክሱ፣ ማለትም መታጠፊያው፣ 5 ላይ፣ ከፍታውም −4 መሆኑን ማግኘት ለሰነፍ የተተወ ነው። ዜሮዎቹ 3 እና 7 ናቸው፤ ሁለቱም ከአምስቱ ቅዱሳን ቁጥሮች ውጭ ስለሆኑ አይቆጠሩም።

ከካልኩሌተር ጋር ያላቸው ወዳጅነትም ይደነቃል። ተራውን ኤክስ² ሲሥሉ ቅንፍ የሚባል ነገር አያባክኑም፤ −2² ብለው ይመታሉ፣ −4 ይወጣል። ካልኩሌተሩ አልዋሸም፣ ስኩዌሩን ለ2 ሰጥቶ ማይነሱን በር ላይ አቆመው እንጂ። ሠንጠረዡ −4፣ −1፣ 0፣ 1፣ 4 ሆነ። ከግራ ወደ ቀኝ እየወጣ የሚሄድ ቆንጆ መስመር! ኔጌቲቭ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል የሚለው የሰባተኛ ክፍል ትምህርት የሰባተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፤ እነሱ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ሌላውንም በአጭሩ ላመስግን። (ኤክስ + 3)² ሲመጣ ፕላስ ወደፊት ማለት ስለሆነ ግራፉን ሦስት ወደ ቀኝ ይገፉታል፤ ቨርቴክሱ −3 ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ይውላል። 2ኤክስ + 3ን ገልብጡ ሲባሉ አናቱ ላይ ያለችውን የመገልበጥ ምልክት፣ ትንሿን −1፣ አይተው 1 ለእሱ ያካፍላሉ፤ 7ን ሲያስገቡ 2 መውጣት ሲገባው 1/17 ይዘው ይመጣሉ። የ(ኤክስ + 3) ስኩዌር ሩት ከኤክስ − 3 ጋር እኩል ነው ሲባሉ ሁለቱን ጎን ስኩዌር አድርገው 1 እና 6 ያገኛሉ፣ ሁለቱንም ያስረክባሉ። 1ን መልሶ ቢያስገቡት በግራ 2፣ በቀኝ −2 ይወጣል። ግን የተገኘን መልስ መጣል ግፍ ነው።

አክሲሶቹ ላይ ያለው ልግስና ደግሞ ለብቻው ይታይ። በኤክስ በኩል አንድ ካሬ 1፣ በዋይ በኩል አንድ ካሬ 5፣ ወረቀቱ ካነሰ መሃል ላይ 10። ሬዲየሱ 5 የሆነው ክብ በዚህ ወረቀት ላይ ተጋድሞ እንደ ተረገጠ ድፎ ይጠፈጠፋል። ማነው ክብ ሁሉ ክብ ይሁን ያለው?

አሁን አሁን አምስቱም ነጥብ ይበዛሉ ያሉ ተነሥተዋል፤ ስልክ ያላቸው። ጥያቄውን ፎቶ ያነሱታል፣ ግራፉ ይመጣል፣ ይገለብጡታል። (ኤክስ² − 4)/(ኤክስ − 2) ስልኩ ላይ ንጹሕ ቀጥ ያለ መስመር ነው። 2 ላይ፣ ከፍታው 4 በሆነበት፣ ቀዳዳ አለ፤ ግን ከስክሪን አንድ ነጥብ ያነሰ ቀዳዳ ማን ያያል? ኤክስ² + 50ን ደግሞ ከ−10 እስከ 10 ብቻ በሚያሳይ መስኮት ከፍተው ባዶ ሲያዩ «ግራፍ የለውም» ብለው ይጽፋሉ። ፈንክሽኑ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፣ ቀና የሚል ጠፋ እንጂ።

መምህራኑንም ማመስገን ይገባል። የአምናው የጥያቄ ሺት በቴሌግራም ሲዞር እያዩ ቁጥሮቹን ብቻ ቀያይረው ዘንድሮም ያወጡታል፤ 10 ኤክስ የነበረው 8 ኤክስ ይሆናል። ማረሚያ ጊዜ ስለሌለም ጥያቄው ምርጫ ነው፤ ግራፉ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ ተሥሎ ቀርቧል። በዚህ ላይ ዶሜይን ፈልጉ፣ ምልክት መርምሩ የሚል ካለ ቸካዮችን ሊያስቀይም የተነሣ ነው። ጥሩ መምህር ተማሪው የቸከለውን ይጠይቃል፣ ጥሩ ተማሪም የሚጠየቀውን ይቸክላል፤ እንዲህ ያለ መግባባት በትዳር እንኳ አይገኝም።

ግሬድ ሲለጠፍ ቋንቋው ይለያል። ኤ ያገኘው «ኤ ሠራሁ» ይላል፣ ኤፍ ያገኘው «ኤፍ ሰጠኝ» ይላል። ሁለተኛው ወረቀቱን ሊያይ ወደ ቢሮ ይሄዳል። መምህሩ ገጹን ገልጠው 1/ኤክስን ያሳዩታል፤ ኦሪጅንን ቀጥ ብሎ ያቋረጠ፣ በማስመሪያ የተሠመረ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሠንጠረዡን በጣቱ እየጠቆመ ይመረምራል፦ −1 ላይ −1፣ 1 ላይ 1።

«ቲቸር፣ ነጥቦቹ እኮ ትክክል ናቸው።»

ናቸው።