ኮፋኖ ተደግፎ አገር ማየት

ሰው ሁሉ አገር ማየት አያውቅበትም። አንዱ ባሕር ተሻግሮ ሙዚየም ይገባል። ሌላው ወንዝ ዳር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ይመለከታል። ጭራሽ የሰዎቹን ቋንቋ ካልለመድኩ ብሎ ጊዜውን የሚያባክንም አይጠፋም። እኔ ዛሬ የማወድሰው ከእነዚህ ሁሉ የሚልቁትን፣ የማያውቁትን ሰው መኪና ተደግፈው ፎቶግራፍ በመነሣት ዓለምን ዞረው የጨረሱ ወገኖቻችንን ነው። ጎንደር በዚህ በኩል እግዚአብሔር አልነፈጋትም። ፒያሳ ላይ አንድ ያማረ መኪና ሩብ ሰዓት ቆሞ ማንም ሳይደገፈው ከቀረ፣ ባለቤቱ ምን ነውር ተገኝቶበት ይሆን ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ከግንቡ አጠገብ አንዲት ነጭ ቪ ኤይት ስትቆምማ ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ተረስቶ፣ በመኪናዋ መስታወት ላይ ነጸብራቁ ብቻ ፎቶግራፍ ውስጥ ይገባል። ለእሱም ቢሆን ክብር ነው።

መደገፍ ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ። ጀማሪው በሩ አጠገብ ቆሞ እጁን ኪሱ ይከታል። ትንሽ የበሰለው ክርኑን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋል። ሊቁ ግን የቤቱን የጓሮ በር ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ነው የሚነሣው። መኪናውን ፈጽሞ አያየውም። የራሱን መኪና ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው የት አለና! ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ስንቱ ሲሸበር እነዚህ ሰዎች ቅንጣት አልደነገጡም። ቤንዚን ይብላ ኤሌክትሪክ፣ ለሚደገፍ ሰው ወጪው አንድ ነው።

የዚህ ሙያ አለቃ የምላቸው አንድ የሰፈራችን ሰው አሉ። የእህታቸው ልጅ ጣሊያን አገር ቱሪን ይኖራልና ባለፈው ዓመት ጋብዟቸው ስምንት ቀን ከርመው መጡ። ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ ከተማ አይገኝም ነበር። ፊያት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 የተወለደው እዚያ ነው። ከተማዋ ሌላም ነገር አላት ይባላል፤ ከ1824 ጀምሮ የቆመ የግብፅ ቅርሶች ሙዚየም፣ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ከ160 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ፣ የነገሥታት መኖሪያ። ወዳጃችን ግን በእንዲህ ያለ ተራ ነገር የሚታለሉ ሰው አይደሉም። ረጅሙ ሕንፃ በአንድ ፎቶግራፋቸው ላይ ከአንዲት ቀይ አልፋ ሮሜዮ ጀርባ ወገቡ ድረስ ይታያል። ጫፉን የቆረጡት ጎማዋ ሙሉ በሙሉ እንዲገባ ብለው ነው።

ይህችን ፎቶግራፍ ሲነሡ የሆነውን የሰማሁት ከእህታቸው ልጅ ነው። አንዲት ሴት ዘንቢሏን ይዛ ከቤቷ ወጣች። መኪናዋ ላይ የተደገፈ፣ ካፖርት የለበሰ፣ ቁልፍ የሚያሽከረክር ሰው አየች። አልተቆጣችም። ዘንቢሏን መሬት ላይ አኑራ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ወዳጃችን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኗትና፣ በሌላኛው ጎናቸው አንድ ጨምረው ተነሡ።

ሊንጎቶ የሚባለው የፊያት አሮጌ ፋብሪካ ዘንድ ሲደርሱ ግን እንባ ተናነቃቸው። ፋብሪካው በ1923 ሥራ ሲጀምር ጉድ የተባለለት ነበር። ባለ አምስት ፎቅ ነው። ጥሬው ዕቃ በምድር ቤት ይገባና መኪናው ፎቅ በፎቅ እየተገጣጠመ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ጣሪያው ላይ ብቅ ይላል። ጣሪያው ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሮጫ አለ፤ አዲሱ መኪና እዚያው ሰማይ ላይ ይፈተናል። በ1982 ማምረት አቆመ። ዛሬ ውስጡ የገበያ አዳራሽና ሆቴል ሲሆን፣ መሮጫው ላይ ደግሞ የአትክልት ቦታ ተሠርቷል። ወዳጃችንን ያስለቀሳቸው ፋብሪካው መዘጋቱ፣ ሠራተኛው መበተኑ አይደለም። «መኪና በሮጠበት ላይ አበባ ይተክላሉ? ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» ነው ያሉት። ከዚያ ሲወርዱ መኪና ማቆሚያው ሙሉ ስለ ነበር ተጽናኑ።

ብሔራዊው የመኪና ሙዚየምም አላስተናገዳቸውም አትበሉ። እዚያ በ1907 ከፔኪንግ ተነሥታ በሁለት ወር ውስጥ ፓሪስ የገባችው ኢታላ መኪና ቆማለች። መንገድ በሌለበት በረሃና ረግረግ አቋርጣ ውድድሩን ያሸነፈች ናት። ይህችን ግን ወዳጃችን አልወደዷትም፤ በገመድ ታጥራ ነበር። የማይደገፉት መኪና ለእሳቸው ሥዕል ነው።

ትልቁ ግኝታቸው ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ሲዘዋወሩ አንድ ጋራዥ በር ላይ ደረሱ። ሰላምታ መስጠት ፈልገው ቋንቋ ስለሌላቸው ያላቸውን ሁሉ አፈሰሱት፦ «ማኪና! ጎማ! ፍሬን! ፍሪሲዮን! ካምቢዮ! ካንዴላ! ማርሚታ!» ጣሊያናዊው መካኒክ ዓይኑ ፈጠጠ። እንግዳው ያሉትን አንድም ሳይቀር ሰምቶታል። እንዲህ ያለ መዓት የወረደባት መኪና ምን ዓይነት ትሆን ብሎ መፍቻውን ያዘ፣ ሳጥኑን አነሣ፣ ተከትሏቸው መንገድ ወጣ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ወዳጃችን ስልካቸውን አውጥተው ቀይዋን አልፋ ሮሜዮ አሳዩት።

እኔ በዚህ ቀናሁባቸው። እኛ አንድ ጣሊያንኛ ሳንማር ዕድሜያችንን ሙሉ ጣሊያንኛ ስንናገር ኖረናል። ታርጋው፣ ሊብሬው፣ ቦሎው፣ ፍሬቻው፣ ክላክሱ፣ ፓራውልቱ፣ ናፍታው፣ ራሱ መኪናው ሳይቀር ከእነሱ አፍ የመጣ ነው። እንዴት እንደ መጣ ደግሞ ጎንደሬ አይጠፋውም። መኪና ወዳድ የውጭ እንግዳ ለከተማችን አዲስ አይደለማ! መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ከአስመራ የተነሣ ጦሩን በካሚዮን አሰልፎ፣ ማንም ሳይጠራው፣ አቧራውን እያጨሰ ጎንደር ገባ። እንዲህ በብዛት መኪና ይዞ የጎበኘን ከዚያ በፊት አልነበረም። እንግዶቹ አየሩ ተስማምቷቸው ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ቆዩ። ፖስታ ቤትና ሲኒማ ቤት ሠሩ፣ መሐል ከተማውን ፒያሳ አስባሉት። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የጦራቸው አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን ሲሰጥ ጉብኝቱ አበቃ። ሰዎቹ ሲሄዱ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እና ያኔ የነበሩት ካሚዮኖች ሞዴላቸው ምን ነበር?» አሉኝ።

ከቱሪን በተመለሱ ማግስት ሰፈሩ ለእንኳን ደኅና መጡ ተሰበሰበ። ቡናው እስከ በረካ ሲፈላ እኛ ገና አራተኛው ቀን ላይ ነበርን። ከ300 በላይ ፎቶግራፍ አየን። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ልጄ፣ የእህትህ ልጅ መኪና የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። ወዳጃችን ቡናቸውን ፉት አሉ። ልጁ ሥራ የሚሄደው በትራም ነው። ይህን ነውር ለማዳፈን ሲሉ አንዲት ግራጫ ላንቺያ መረጡለት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ በሰፈራችን ባለ መኪና ነው። እሱ እስካሁን አልሰማም።

የሚቀጥለውን ባልጽፍ ደስ ባለኝ፤ አድናቆቴን እንዳይቀንስብኝ ሰግቼ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ጎብኚ ከተማ ገባ። መኪና ወዳድ ነው። አብሮት የመጣው አስጎብኚ ግንቡን አሳይቶ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አሳይቶ ሲጨርስ፣ ሰውየው አዘዞ መንገድ ላይ ካለ አንድ ጋራዥ በር ቆመና አልንቀሳቀስም አለ። ግቢው ውስጥ ፊያት 682 ቆሟል፤ ያ ሾፌሮቻችን ኤንትሬ የሚሉት፣ አባቶቻችን እህል የጫኑበት። ወዳጃችን ቱሪንን የሚያውቁ ናቸውና ለአስተርጓሚነት ተጠሩ። ሱፋቸውን ለብሰው ደረሱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ስንደርስ ሽማግሌው ጣሊያናዊ በጉልበቱ ተንበርክኮ መኪናው ሥር ገብቷል። እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ የተቀባው የጋራዡ ልጅ ከወዲያ በኩል ተኝቶ ያሳየዋል። «ባሌስትራ!» ይላል ልጁ። «ባሌስትራ!» ይላል ጣሊያናዊው። «ኩሽኔታ!» «ኩሽኔቶ!» አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ልጁ አንዱን የባሌስትራ ምላስ በጣቱ እየመታ፣ በምልክት፣ ይህን ከሌላ መኪና ብረት ቆርጦ እሳት ላይ አግሎ ራሱ እንደ ቀጠቀጠው አስረዳው። ጣሊያናዊው ወጥቶ ባርኔጣውን አወለቀና የልጁን እጅ ከነግራሶው ጨበጠ።

ወዳጃችን አፈሩ። «ይህ አሮጌ ነው፤ ፒያሳ እንውሰደው፣ ደኅና ደኅና መኪና አለ» እያሉ በጆሮዬ ይጎተጉቱኛል። እንግዳው ካሜራውን አወጣ። ወዳጃችን ካሜራ ሲያዩ እጅና እግራቸው የሚሠራውን ራሱ ያውቃል፤ መነጽራቸው ወደ ግንባር ወጣ፣ የጓሮው ቁልፍ ጣታቸው ላይ መዞር ጀመረ፣ ጀርባቸው ወደ ኤንትሬው ፓራፋንጎ አጋደለ። ጣሊያናዊው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በመዳፉ ቀስ አድርጎ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው፣ ወደ ጎን ፈቀቅ እንዲሉ አመለከታቸው።

ወዳጃችን ያልገባቸው መሰሉ። ጭራሽ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉበት።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ የጋራዡ ልጅ ከመኪናው ሥር እየወጣ፤ «እባክዎ እሱን አይደገፉት። ፍሬኑን ፈትቼዋለሁ፤ ድንጋዩ ነው የያዘው።»