ኮፒ አድርግልኝ ለምትሉ ወገኖቼ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት ሱቆች አንዱ በሩ ላይ «ዊንዶውስ እንጭናለን፣ ፊልም እንጭናለን፣ ሞባይል ፎርማት እናደርጋለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል። እኔም ላፕቶፔን ታቅፌ ገብቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነበር። «ካልጠፋ ክራኩን ይበላዋል» አለኝ፤ ክራክ የሚሉት ሳይከፈል ፕሮግራም የሚያስከፍተውን መሰርሰሪያ ነው። እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ዘበኛ አሰናብቼ ሌባ ማስገባቴ የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ፋይሎቼ አልከፈት ሲሉ።

ዛሬ የምቆጣው ግን ለላፕቶፔ አይደለም። ለአንዲት የብሎካችን ልጅ ነው። ለሱቅ የሚሆን የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠራች። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ማን ዱቤ አለበት፤ ሁሉም በአማርኛ። ስምንት ወር ፈጀባት። መብራት ሲጠፋ እኅቷ ቤት እየሄደች ነው የጨረሰችው። ለአንድ ባለሱቅ ሸጠች። ለአንድ ብቻ! ባለሱቁ ለአማቹ በፍላሽ ሰጠው፤ አማቹ ለወዳጁ፤ ወዳጁ ለዕቁብ ጓደኞቹ። አሁን ከኛ ሰፈር እስከ ኮዬ ፈጬ ስንት ሱቅ እንደሚሠራበት እሷም አታውቅም። አንዱማ ደውሎ «የዱቤው ገጽ ተበላሽቷል፣ ነይና አስተካክይ» አላት። ስልኳን ከየት አመጣው? ከገጹ ግርጌ ጽፋው ነበር። ስሟን እያነበበ ነው ያልከፈላት።

ምነው ወገኖቼ? የጎረቤት ዶሮ ግቢያችሁ ብትጥል እንቁላሉን የምትመልሱ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ? ሚዛን የሚሸርፍ ነጋዴ ሲገኝ ሰፈሩን ታናውጡት የለም? ታዲያ የሰው ስምንት ወር እንዴት እንደ ዕድር ድንኳን የጋራ ሆነ? ለድንኳኑስ ቢሆን መዋጮ እንከፍል የለም!

«አልሰረቅሁም፣ እሷ ጋ አሁንም አለ» ትላላችሁ። አዎ፣ አለ። የሚገዛት ጠፋ እንጂ።

«ሕግ የለውም» የምትሉም አላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። ልጅቷ የትም ሄዳ ማስመዝገብ የለባትም፤ ሠርታ ካስቀመጠችው ጀምሮ መብቱ የሷ ነው። ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ሊታሰር ይችላል። የገዛ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ ቅጂ ቢያስቀር ችግር የለም። ለአማቹ መስጠት ግን ሌላ ነው። ሐሳቡን ከወደዳችሁት ደግሞ የራሳችሁን ፕሮግራም ጻፉ። አዋጁ ሐሳብ ላይ አጥር አላጠረም።

የውጭዎቹ ውድ ናቸው፤ ዶላር ደግሞ ከየት ይምጣ? ይህን አልክድም። ግን ሊብረኦፊስ በነጻ አለ፤ ደብዳቤም ሠንጠረዥም ይሠራል፣ በፊደላችንም ይጻፍበታል። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ሊኑክስም አለ። እነዚህን ባለቤቶቹ ራሳቸው «ቅዱ፣ አካፍሉ» ብለዋል። ኮፒ ማድረግ ካማራችሁ እነሱን አድርጉ።

ልጅቷ ሁለተኛ ፕሮግራም ጀምራ ነበር፤ ለዕድር መዋጮ የሚሆን። ትታዋለች። አሁን ሥራ ፍለጋ ስትዞር ነው የምትውለው። ስልኳ እዚያው የዱቤው ገጽ ግርጌ ላይ አለ። ደውሉና «ስንት ነው?» በሏት።