ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ መኪና

ሦስት ወር ሙሉ አዳማ ውስጥ መኪና ፈለግኩ። ታከተኝ።

ያጠራቀምኩት ብር የሚበቃው ለአንዲት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። የበሩን ታችኛ ጠርዝ በጣቴ ጫን ሳደርገው ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ስቱኮ ነው። የራዲያተሩ ክዳን በጨርቅ ታስሯል። በዚህ የአዳማ ሙቀት! ሶደሬ እንኳ ሳትፈላ ትደርሳለች? ደላላው ግን «ወንድሜ፣ ነገ ይቺንም አታገኛትም» ይለኛል። የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌውም ዋጋ አልቀመስ ብሏል። እንዴት መኪና እያረጀ ይወደዳል?

ተበደር ይሉኛል። ከማን? አንዱ ባንክ የቤት ካርታ አስይዝ አለኝ። እኔ ተከራይ ነኝ እኮ! አጎቴ ብር አለው። ግን የዘመድ ብድር በየበዓሉ ማዕድ ላይ ይነሳል፤ ወንድሜ ላይ አይቼዋለሁ። ቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ ጎማውን ገና አላሰብኩም።

ጓደኞቼ «ባጃጅ ሞልቶ የምን መኪና ነው?» ይላሉ። ባለፈው ክረምት እናቴን ሌሊት አሟት አንድ ባጃጅ አጥተን፣ በዝናብ ደግፌያት እስከ አስፋልቱ በእግር ሄድን። መኪና የምፈልገው ለዚያ ሌሊት ነው።